እዝባር ያለበት ስም

የምሠራው መተማ ውስጥ፣ በአንድ ጤና ተቋም ካርድ ክፍል ነው። በሰሊጥ አጨዳ ወቅት ከጎጃም፣ ከወሎና ከደጋው የሚወርደው የቀን ሠራተኛ ሲታመም ወደ እኛ ይመጣል፤ ወባ የጣለው፣ ካላዛር ሆዱን የነፋው፣ እባብ የነደፈው። የሁሉም ስም በትልልቅ መዝገብ ላይ ይጻፍ ነበር። ኮምፒዩተር ትንሽ ስለተማርሁ መዝገቡን ኮምፒዩተር ውስጥ አስገባሁትና በማንኛውም ቃል የሚፈልግ ሶፍትዌር ጫንሁበት። ስም ይሁን ቀበሌ፣ ነርሷ የጫረችው ማስታወሻም ቢሆን፣ ቃሉን ከጻፉለት ያወጣል። ኮርቼበት ነበር። ቀድሞ ዘመዱን የሚፈልግ ሰው ሲመጣ ዘበኛው በየክፍሉ ይዞት ይዞር ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ግን "ካርድ ክፍል ሂዱ፣ ኮምፒዩተሩ ያውቃል" ማለት ጀመረ።

በጥቅምት አንድ ማለዳ አንድ አባት ከጎጃም መጡ። እግራቸው በጉዞ አብጧል። ልጃቸው ለአጨዳ ወርዶ ስልኩ ከጠፋ ሦስት ሳምንት ሆኖታል። የልጁን ስም የደብራቸው ጸሐፊ በወረቀት ጽፎላቸዋል፤ እንደ ቤተ ክህነት ሰው ልማድ "ወልደ" የሚለውን በ"ወ" አሳጥሮ፣ እዝባር (/) አድርጎ፣ የቅዱሱን ስም አስከትሏል። እንዳለ ገልብጬ ጻፍሁት። "ምንም አልተገኘም" አለ።

"የለም አባቴ፤ እኛ ዘንድ አልመጣም" አልኋቸው።

"እግዜር ይመስገን። ካልታመመማ ሥራ ላይ ነው" አሉና ፈገግ ብለው ወጡ።

ሸሕዲ ሠራተኛ የሚቀጠርበት ቦታ ላይ ጠየቁ። በጭነት መኪና ተጭነው እስከ አብርሃ ጅራ ዘለቁ። ከሳምንት በኋላ ከስተው ተመለሱ።

"እስቲ ደግመሽ እይልኝ ልጄ፤ ጸሐፊው አሳስቶ ይሆናል።"

እዝባሩን ትቼ "ወልደ" ብዬ ሙሉውን ጻፍሁ። የለም። የቅዱሱን ስም ብቻ፣ ወረቀቱ ላይ እንዳለው በንጉሡ ሠ ጻፍሁ። የለም። ከኋላቸው ሰልፉ ረዝሟል።

"ከየለም በላይ ምን ልበልዎ?" አልሁ። ድምፄ ውስጥ መሰልቸት እንደነበረ አስታውሳለሁ። የመንደራቸውን ባለሱቅ ስልክ ቁጥር ትተውልኝ ሄዱ።

በኅዳር አንዲት ሴት ለክትትል መጣች። ካርዷን ያወጣሁላት እኔው ነኝ፤ የእሷም ስም እዝባር አለበት። ብጽፈው "ምንም አልተገኘም" አለ።

"እዚሁ ፊትሽ ቆሜ?" ብላ ሳቀች።

ሶፍትዌሩ ስህተቶቹን የሚመዘግብበትን ፋይል ከፈትሁት። ከጫንሁት ጀምሮ አንድ ቀን እንኳ አይቼው አላውቅም። ለካ ለመፈለጊያው እዝባር ተራ ምልክት አይደለም፤ የልዩ ትእዛዝ መክፈቻ ነው። ሁለተኛ እዝባር መጥቶ እስኪዘጋው ይጠብቃል፤ ሲያጣው "ጥያቄው አልገባኝም" ብሎ እዚያ ፋይል ላይ ይጽፋል። እኔ ያዘጋጀሁት ገጽ ደግሞ ያልገባውንም ያጣውንም ሳይለይ "ምንም አልተገኘም" ይላል። ፋይሉን ወደ ላይ ስገፋው የዚያ የጥቅምት ማለዳ መስመር አለ። የልጁ ስም፣ ከጎኑ "አልገባኝም"።

ከእዝባሩ ፊት ወደ ኋላ ያጋደለውን ጭረት ስጨምርበት እንደ ተራ ምልክት ቆጥሮ አለፈው። የሴትዮዋ ካርድ ወጣ። የልጁን ስም ጻፍሁ፤ የለም። እፎይ ልል ነበር። ከዚያ ንጉሡን ሠ በእሳቱ ሰ ቀየርሁት። ለእኛ አንድ ድምፅ ናቸው፤ ለመፈለጊያው ግን አይተዋወቁም። አንድ ካርድ ወጣ። ነርሷ ስሙን በእሳቱ ሰ፣ "ወልደ"ንም በ"ወ"ና በእዝባር አሳጥራ ነበር የጻፈችው።

ካላዛር ነው። የገባው አባቱ ከመምጣታቸው ከአራት ቀን በፊት። የተኛው ከመስኮቴ ማዶ፣ ግቢውን ተሻግሮ ባለው ክፍል። ያረፈው አባቱ እኔ ዘንድ በመጡ በሁለተኛው ቀን። ከታች የነርሷ ማስታወሻ አለ፦ "አስታማሚ የለውም። አባቴን ጥሩልኝ ይላል፤ ስልክ ቁጥር አያስታውስም።"

ለኃላፊዬ ነገርሁት። "ደውለሽ አርፏል በያቸው። ቀኑን ምን አስነገረሽ?" አለኝ። ለእኔ አዝኖ ነው።

ደወልሁ። ባለሱቁ ሰው ልኮ አስጠራቸው። መርዶውን ስነግራቸው አላለቀሱም።

"መቼ?" አሉ።

የገባበትንም ያረፈበትንም ቀን ነገርኋቸው።

"ያን ጊዜ እኔ እዚያው አልነበርሁ?"

"ነበሩ አባቴ። ልጅዎም ነበር። አፈላለጌ ስህተት ነበር፤ ጥፋቱ የእኔ ነው።"

"የለም ስትይኝ እኮ እግዜርን አመሰገንሁ" አሉ። ስልኩን ለባለሱቁ ሲመልሱለት ሰማሁ።

በሳምንቱ መጡ። ወደ ቤተ ክርስቲያኑ መቃብር ወሰድኋቸው። የቀበሩት አብረውት ያጭዱ የነበሩት ናቸው፤ አጨዳው አልቆ ሁሉም ወደየአገሩ ተበትኗል። የመቃብሩ ጠባቂ የአፈር ጉብታዎቹን በረድፍ አሳየን።

"የዘንድሮ ሠራተኞች እነዚህ ናቸው። የትኛው ማን እንደሆነ ግን አናውቅም" አለ።

አባትየው ረድፉን ከዳር እስከ ዳር ሄዱበት። በአንዱም ዘንድ አልቆሙም። ይቅርታ ጠየቅኋቸው፤ አልረገሙኝም፣ "ምን ታደርጊ" ብለውም አላጽናኑኝም።

ወደ ጎንደር የሚሄደው አውቶቡስ ላይ ሲወጡ ክንዳቸውን ልደግፍ እጄን ዘረጋሁ። የበሩን ብረት ይዘው ራሳቸው ወጡ።