ዘግይቶ የሚመጣ «አለሁ»

ባለፈው ሰሞን ይማምን ከወልድያ ሕክምና ይዤው ወደ ቆቦ እየተመለስኩ ነበር። ይማም የልጅነት ባልንጀራዬ ነው፤ የእርሻችን ድንበር አንድ ነው። አንገቱ ላይ ስንት ዘመን ተሸክሟት የኖረውን እንቅርት ቀደው አወጡለትና አንገቱ በፋሻ ተጠቅልሏል። ሐኪሟ ስንወጣ ወደ ጎን ሳብ አድርጋኝ፣ «አባባ፣ ለጊዜው አያናግሩት። ድምፁ ይመለስ አይመለስ ቀስ እያልን እናያለን» አለችኝ። ይማም ቤቱ እስኪገባ ትንፍሽ ላይል ተስማማን። ራሱን ነቅንቆ እሺ አለ። እኔ ግን «ይመለስ አይመለስ» የምትለው ነገር እንደ እሾህ ተሰካችብኝ። የይማም ድምፅ ለእኔ ምን እንደሆነ ሐኪሟ ከየት ታውቀዋለች?

ሚኒባሱ ጢም ብሎ ሞልቷል። በአንድ ጎናችን የሽንኩርት ማዳበሪያዋን ታቅፋ የተቀመጠች ሴት አለች፤ ፊት ለፊታችን ደግሞ ቆቦ የተመደበ አንድ ወጣት አስተማሪ። ጎብዬን እንዳለፍን ሾፌሩ ቴፑን ነካካና ዘፈን ለቀቀ። መጀመሪያ ጅራፍ ጮኸ። ከዚያ የወፍ መንጋ። ከዚያ እኔ፣ የጎረምሳነት ድምፄ።

ባርኔጣዬን ወደ ግንባሬ ሳብኩ። ሾፌሩ ለረዳቱ፣ «ይችን የዘፈናት ሰውዬ እኮ ሞቷል» አለው።

«መቼ?»

«ቆየ አሉ።»

ይማም በክርኑ ጎኔን ወጋኝ። ድምፅ ሳያወጣ ሲስቅ ትከሻው ይንቀጠቀጣል፤ ስፌቱ እንዳይፈታበት እኔ ፈራሁለት። ዘፈኗ መሃሏ ላይ አንዲት ባዶ ቦታ አለቻት። ለአፍታ ማንም ምንም የማይልባት ቦታ ናት። እሷ ጋ እስክንደርስ፣ ያቺ ቦታ እንዴት እንደተገኘች ልናገር።

በጎረምሳነቴ ተቀምጬ ዘፈን ሠርቼ አላውቅም። ሰርግ ቤት እገባለሁ፣ ከበሮው ይመታል፣ ጎረምሳው ክብ ሠርቶ ያጨበጭባል። አንዲት ስንኝ እወረውራለሁ፣ እነሱ ይቀበሉኛል። እነሱ ሲቀበሉኝ ሁለተኛዋ ትመጣለች። ከየት እንደምትመጣ ጠይቄም አላውቅ። ሙሽራውን፣ የሙሽራውን አባት፣ አጎትየውን፣ የአጎትየውን በሬ ሳይቀር በስም እየጠራሁ አወድሳለሁ። ከሮቢት እስከ ዋጃ ያልተወደሰ ሽማግሌ አልነበረም ብል ብዙ አልዋሸሁም።

ቆቦ መሃል ጋሼ ሐጎስ የሚባል የማይጨው ሰው ካሴት ቤት ነበረው። ሰርግ ሲኖር ቴፑን የዳሱ ምሰሶ ላይ ያንጠለጥልና ያለውን ሁሉ ይቀዳል። እልልታውም፣ የውሻው ጩኸትም፣ የሰካራሙ ስድብም አብሮ ይገባል። ያንን አባዝቶ ይሸጥ ነበር። የመጀመሪያዋ ካሴቴ በየሻይ ቤቱ ተሰማች። ሁለተኛዋ ስትወጣ ግን ሰው መሰልቸት ጀመረ። እኔ አልገባኝም፤ ካሴቱ በደንብ ባይቀዳ ነው እላለሁ።

የገባኝ ዋጃ ላይ ነው። ለአንድ ሰርግ ተጠርቼ ዳስ ውስጥ ተቀምጬ እበላለሁ። የሙሽራው ወንድም ተነሳና እኔ እያለሁ ሌላ ዘፋኝ አስነሳ። «ሞላ እንደሆነ ያችኑ ነው የሚለን» ሲል በጆሮዬ ሰማሁ። መሶቡን ትቼ ተነሳሁ። ያን ቀን ከዋጃ ቆቦ በእግሬ ነው የመጣሁት። መኪና አጥቼ አይደለም፤ መኪና ውስጥ የሚያውቀኝ ሰው እንዳይኖር ብዬ ነው።

ጋሼ ሐጎስ ነገሩን ሳይነግሩት ሰምቶታል። «ሓወይ ሞላ» አለኝ፣ ወንድሜ ማለቱ ነው። «እኔም ካሴቱን እየተውኩ ወደ ጨርቅ ልገባ ነው። ደሴ ሲራጅ የሚባል አቀናባሪ አለ፣ ስላንተ ነግሬዋለሁ። እሱ ካላቃናህ ሌላ የማውቀው ሰው የለም።»

እንግዲህ ሲራጅም እንቢ ካለኝ ከበሮዬን ሰቅዬ እርሻዬን ብቻ መያዝ ነው። እርሻ የሚያሳፍር ሆኖ አይደለም። ግን ዘፋኝ ነኝ ብሎ የኖረ ሰው አንድ ቀን «አይ፣ አልነበርክም» ቢባል ምኑን ይዞ ይነሳል?

ደሴ ስደርስ ጉሙ ከተማውን ውጦታል። ሲራጅ የሹራብ ቆቡን የማያወልቅ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ የማይናገር ሰው ነበር። የሚቀዳበት ክፍል ግድግዳው በሙሉ ስፖንጅ ለብሷል። በሩ ሲዘጋ ጆሮዬ የተደፈነ መሰለኝ።

«በል፣ ዝፈን» አለኝ።

አንዲት ስንኝ ወረወርኩና ዝም አልኩ።

«ቀጥል እንጂ።»

«ተቀበለኛ!»

«ማን?»

«አንተ ነሃ! ሌላ ሰው አለ እንዴ?»

ሲራጅ ሳቀ። «የራያ ልጅ መሆንህ በዚህ ታወቀ። አባትህ የምሆነውን ሰውዬ አንተ ትለኛለህ።»

«እኛ አገር ለሁሉም አንተ ነው።»

«ይሁን። ተቀባዮቹ ሌላ ቀን ለብቻቸው ይቀዳሉ። አንተ ዝም ብለህ ቀጥል።»

ሞከርኩ። ወላሂ አልሆነም። ስንኟን እወረውራለሁ፣ እቆማለሁ፣ በሩን አያለሁ። ሁለተኛዋ የምትመጣው ሲቀበሉኝ ነው፤ ካልተቀበሉኝ አትመጣም። ይህን እንዴት ብዬ ላስረዳው? ቀጂው በመስታወቱ ማዶ ሆኖ፣ «ግጥሙ ጠፋብህ እንዴ?» ይለኛል። የሚጠፋ ግጥም ቀድሞውኑ መች ነበረኝና።

ሲራጅ በሌላ በኩል ያዘኝ። «በስንኝህ ይሄ አለሙ የምትለው ማነው?»

«ጎብዬ ያለ ነጋዴ ነው።»

«ዘመድህ ነው?»

«አላውቀውም።»

«ታዲያ ደሴ ድረስ ለምን ተሸክመኸው መጣህ?»

ቀጂው ሳቀ። ደሜ ፈላ።

«እስቲ ስለ ራስህ በል» አለኝ ሲራጅ።

«ስለ ራስ ሰርግ ላይ አይባልም።»

«እዚህ ሰርግ የት አለ?»

ግትር ነኝ፤ ዛሬም አለቀቀኝም። ጋቢዬን አንጠልጥዬ ወጣሁና ወደ መናኸሪያ ቁልቁል ሮጥኩ ማለት ይቻላል። ሲራጅ ከኋላዬ ደረሰ። ሊቆጣ ነው ስል፣ «ቁርስ ሳትቀምስ ቆላ አትወርድም» ብሎ እጄን ይዞ አንዲት ፉል ቤት አስገባኝ። ትኩስ ዳቦ እየቆረሰ ጠየቀኝ።

«መጀመሪያ የዘፈንከው የት ነው?»

«ማማ ላይ። ወፍ ስጠብቅ።»

«ማን ነበር የሚቀበልህ?»

«ይማም ነዋ። ከማዶ ካለው ማማ።»

ዳቦውን አስቀመጠው። «አሁን ማሽላው ምን ላይ ነው?»

«አሽቷል። ግሪሳ ወፉም ገብቶበታል።»

«አብሽር» አለኝ። «አብሬህ እወርዳለሁ።»

ወሎ ውስጥ አብሽር የማይባልበት ነገር የለም። ለታመመም አብሽር ነው፣ ላህያው ለጠፋበትም አብሽር ነው። ያን ቀን ግን ቃሉ ወደ ሆዴ ሲወርድ ተሰማኝ።

መርሳ ላይ ብርቱካን ገዝተን እየላጥን ወረድን። ከወልድያ ወዲህ ሙቀቱ ሲቀበለን ሲራጅ መጀመሪያ ኮቱን አወለቀ፣ ቀጥሎ ሹራቡን፤ ቆቡን ግን ንቅንቅ አላደረገውም። ቆቦ ሜዳ ያን ጊዜ ሲያዩት እስከ ዞብል ተራራ ግርጌ ድረስ ማሽላ ብቻ ነው። ሰው ውስጡ ከገባ አይታይም። ማማዎቹ ብቻ እዚህም እዚያም ብቅ ብቅ ብለው ይታያሉ፤ አራት እንጨት ተተክሎ፣ ላዩ ተረብርቦ፣ ትንሽ ሳር ጣል ተደርጎበት።

ሲራጅን እየገፋሁ ማማው ላይ አወጣሁት። በባትሪ የሚሠራ ቴፕ ጭኑ ላይ አስቀምጦ፣ ጥንቅሽ እየመጠጠ ተቀመጠ። እኔ ጅራፌንና ወንጭፌን ይዤ ሥራዬን ጀመርኩ። ግሪሳ ሲመጣ እንግዳ አለብኝ አይባልም።

የማማ ሰው አንድ ልማድ አለው። ፀሐዩ ሲበረታ እንቅልፍ ይጥላል። አንዱ ካንቀላፋ ወፉ በእሱ ማሳ ይገባና የሁሉንም ይፈጀዋል። ስለዚህ በየመሃሉ አንዱ ድምፁን አንስቶ ይጣራል፣ ሌላው ከማዶ «አለሁ!» ይላል። ይማም ሁልጊዜ ዘግይቶ ነው የሚመልሰው። ተኝተህ ነው ስንለው፣ «ማሽላው ረዝሞ ነው፤ ድምፃችሁ ተጠላልፎ ነው የሚደርሰኝ» ይለናል። በዚህ ስንስቅበት ነው የኖርነው።

እኩለ ቀን ሆነ። ወፉ ጋብ አለ። እኔ ሳላስበው ፊቴን ወደ ቤታችን አዙሬ መንገዱን አያለሁ። እናቴ በዚያ ክረምት ነው የሞተችው። በዚህ ሰዓት ምሳዬን በጨርቅ ቋጥራ፣ በማሽላው መሃል ባለችው ቀጭን መንገድ የምትመጣልኝ እሷ ነበረች። ነጠላዋ ብቅ እስኪል አይ ነበር። ያን ዓመትም ዓይኔ ልማዱን አልተወም። ማንም እንደማይመጣ አውቄ አያለሁ። ያኔ ነው ከአፌ የወጣችው፤

ማሽላው ጎነበሰ ፍሬው ከብዶበት፣
እኔም ጎነበስኩኝ ሰው ጠፍቶ ከቤት።

ዝም አልኩ። መቆም ልማዴ ነው፣ ቆምኩ። የሚቀበል የለም። ነፋሱ ማሽላውን ሿ አደረገው። ስንኟ እንደ ደሴዋ በኔው ላይ ልትቀር ነው ስል፣ ከሩቅ፣ በጣም ዘግይቶ፣ ይማም፤

«አለሁ!»

ቃሉን አልሰማም እኮ። እንደ ወትሮው የተጣራሁ መስሎት ነው።

ወደ ሲራጅ ዞርኩ። ጥንቅሹ ከእጁ ወድቋል። ዓይኑን ጨፍኖ፣ እንዳልናገር አንድ እጁን ወደ እኔ ዘርግቷል። ቴፑ ይዞራል። ቆይቶ ዘጋውና፣ «ሌላ አትጨምርባት» አለኝ።

«ገና አንድ ስንኝ ናት እኮ!»

«አትጨምርባት አልኩህ። ነገ ሌላዋ ትመጣለች።»

በማግስቱም ሌላዋ መጣች። ሰርግ ላይ እንደ ውሃ የማፈሰው ሰውዬ፣ ያን ሰሞን በቀን አንዲት ስንኝ ካገኘሁ ጠገብኩ። ባዶውን የዋልኩበትም ቀን አለ። እናደዳለሁ፣ ሲራጅ አይናደድም። ማታ እሸቱን ፍም ላይ ለብልበን በእጃችን እያሸን ስንበላ፣ እሱ የቀኑን ከቴፑ ይከፍትልኛል። «ይቺን አንተ አልካት፣ ይቺን ደግሞ ለሰው ብለህ አልካት» እያለ ይለይልኛል። መጀመሪያ እሟገተው ነበር። ኋላ ላይ እሱ ሳይናገር እኔው እየቀደምኩ «ይቺን አውጣት» ማለት ጀመርኩ። እንደዚያ ዓይነት ሰው ገጥሞኝ አያውቅም፤ ሥራው ሁሉ መጨመር ሳይሆን ማስቀረት ነበር። አለሙም፣ አጎትየውም፣ በሬውም ቀሩ።

ደሴ ስንመለስ ይማምን ይዘነው ሄድን። ሲራጅ ኦርጋኑን ከወፉና ከነፋሱ ድምፅ ሥር ቀስ አድርጎ አስገባው፤ የስፖንጁ ክፍል ማሽላ ማሽላ ሸተተኝ። ይማም ማዳመጫውን ጆሮው ላይ አድርጎ ቆመ። እኔ ዘፈንኩ፣ ቆምኩ። ይማም አሁንም ዘገየ።

«ከምቱ ወጣ! እንደገና» አለ ቀጂው።

እንደገና ዘገየ።

«አንተ ሰውዬ፣ እዚህ ደግሞ ማሽላ የታል?» አልኩት።

ይማም አፈረ። ሲራጅ ግን፣ «ተዉት፣ ይዘግይ። ዘፈኑ ይጠብቀው» አለ። ኦርጋኑንም ከበሮውንም እዚያች ቦታ ላይ ዝም አሰኛቸው። እንዲህ ሆነና ያቺ ባዶ ቦታ ተገኘች።

ካሴቷ ወጥታ ቆቦ የደረሰች ቀን ገበያ ነበር። ጋሼ ሐጎስ ግማሹን ጨርቅ፣ ግማሹን ካሴት ባደረገው ሱቁ ከፈታት። እኔ ከመንገዱ ማዶ ቆሜያለሁ። ያች ስንኝ ደረሰች። ቦታዋ መጣች። አንድ ጋሪ ነጂ ፈረሱን ገታና፣ ወደ ማንም ሳያይ፣ ከካሴቱ ይማም ቀድሞ «አለሁ!» ብሎ ጮኸ። አንዲት በርበሬ ሻጭ ተከተለችው። ጋሼ ሐጎስ ከሱቁ ወጥቶ ሁለት እጁን አነሳልኝ። ግድግዳ ተደግፌ ተቀመጥኩ። ዳንኩ አልኩ። በዕድሜዬ ብዙ ደስታ አይቻለሁ፤ እንደዚያ ያለ ግን የለም። በዓመቱ ዋጃዎች ራሳቸው መጥተው ጠሩኝ፤ ግትር ብሆንም ሄድኩላቸው።

ሲራጅ ዛሬ በሕይወት የለም። ከእሱ ወዲህ ብዙ አቀናባሪ አየሁ፤ ባዶ ቦታ ሲያዩ የሚያሳክካቸው ናቸው። እኔ ግን እሱ እንዳሳየኝ ኖርኩ። ስንኝ አምጥቼ እቆማለሁ፣ መልስ እስኪመጣ እጠብቃለሁ። ካልመጣም ስንኟ ለሰው ተብላ የመጣች ናት ብዬ እተዋታለሁ።

ይኸው ሚኒባሱ ሮቢትን አለፈ። «ሰው ጠፍቶ ከቤት» አለ የጎረምሳነት ድምፄ፤ ኦርጋኑም ከበሮውም ቆሙ። የሞተር ድምፅ ብቻ ቀረ። ባለሽንኩርቷ፣ አስተማሪው፣ ረዳቱ፣ ሾፌሩም መሪውን እንደያዘ፣ ከካሴቱ የይማም ድምፅ ጋር በአንድ አፍ፣

«አለሁ!»

የአገሩን ዘፈን ያልለመደው አስተማሪ እንኳ የት እንደተማራት እንጃ። ሳቁ፣ ከበሮው ገባ፣ ዘፈኑ ቀጠለ። እኔ ወደ ይማም ለመዞር ፈራሁ። በፋሻ የተጠቀለለውን አንገቱን ላለማየት ውጭ ውጭውን አያለሁ፤ ማሽላው አሽቶ ጎንበስ ብሏል። ያን ጊዜ፣ ሁሉም ከጨረሰ በኋላ፣ ቅባት ያጣ የበር ማጠፊያ የመሰለ ድምፅ ከአጠገቤ መጣ።

«አለሁ።»

ሻካራ ናት፣ ቀጭን ናት፤ ግን ራሷ ናት። አላጣኋትም። ሐኪሟ አያናግሩት ያለችውን ረሳሁትና፣ «አሁንም ዘገየህ» አልኩት።

ይማም ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ።

«ማሽላው ረዝሞ ነው» አለኝ።