የሚስቱ አባጨጓሬ

ሥራ ቤት «ጋሽ መርፌ» ነው የሚሉት። ሠላሳ አንድ ዓመት በሙዚየሙ የነፍሳት ክፍል ተቀምጦ ጢንዚዛና ቢራቢሮ በመርፌ ሲወጋ፣ ከጥፍር በማትበልጥ ወረቀት ላይም መለያ ሲጽፍ ኖሯል። በዚያ ክፍል አንዴ የተጻፈ መለያ አይጣልም። ስህተት ቢገኝበት እንኳ ከጎኑ ሌላ ይጨመራል እንጂ የመጀመሪያው አይነካም።

ሚስቱ የኮሜዲ ተዋናይ ነበረች። አንድ ቀን ልትጠይቀው መጥታ ጠርሙሶቹ ላይ «ላርቫ» የሚለውን ቃል ስታይ በሳቅ ፍርስ አለች።

«ይሄ'ኮ የኛ ቃል ነው!» አለችው። በጥንት ሮማውያን ኮሜዲ ላርቫ ሰው የሚያሳብድ የሙት መንፈስ ነው፤ ጭንብልንም እንዲሁ ይሉታል። የነፍሳት ሊቃውንት ደግሞ አባጨጓሬ የወደፊት መልኩን እንደ ጭንብል ስለሚሸፍን ቃሉን ወሰዱት። «እና አንተ ቀኑን ሙሉ መንፈስ በጠርሙስ ስታሽግ ነው የምትውለው? ጉድ ፈላ! ጠንቋይ ነው ለካ ያገባሁት!»

ከዚያ ታመመች። ሐኪሞቹ ከእንግዲህ ቤቷ ትረፍ ብለው መለሷት። አልጋዋ አጠገብ፣ መስኮቱ ላይ ካለው የአበባ ማሰሮ አንድ አረንጓዴ አባጨጓሬ አገኘችና በባዶ የመድኃኒት ካርቶን አድርጋ ሰጠችው።

«አደራ፣ አሳድግልኝ። ጭንብሉን አውልቆ ሲመጣ ሳላየው አልሞትም።»

ሥራ ቤት ማሳደጊያ ሣጥን ስላለ ይዞት ሄደ። ያን ቀን ጠረጴዛው ከመስክ በየካርቶኑ በመጡ ነፍሳት ተጨናንቆ ነበር። ልቡ እሷ ዘንድ ነው፤ እጁ ደግሞ የለመደውን ያውቃል። ካርቶኑን ከፈተ፣ አባጨጓሬውን በመቆንጠጫ አንስቶ አልኮል ውስጥ ጨመረው፣ መለያውን ጻፈ፣ ከደነ። ካርቶኑን ሊጥል ሲል የመድኃኒቷን ስም አነበበ። ጠርሙሱን መልሶ ከፈተ። አወጣው፣ በጣቱ ነካካው። ምን ዋጋ አለው፤ ወደ ጠርሙሱ መለሰው።

ማታ ገና ከበር ሳይገባ «እንዴት ዋለ ልጃችን?» አለችው።

«ደህና ነው፤ ቅጠሉን እየበላ ነው።»

በማግስቱ ወፍሯል አላት። ሳምንት ቆይቶ ድር ሠርቶ ተጠቀለለ አላት። ውሸት የማያውቅ ሰው ውሸቱን በመንገድ ላይ እያጠና ይመጣ ጀመር። እሷም እሱን ለመስማት ትራስ ተደግፋ ቀና ትል ነበር፤ ሁለት ማንኪያ ሾርባም ትቀምሳለች። እሱን ደግሞ ይሄ ነበር የሚያንገበግበው።

በአራተኛው ሳምንት ድምፅዋ ሲደክም ጊዜ ከሥራ ባልደረባው ማሳደጊያ ሣጥን አንድ ቡናማ የእሳት ራት ለምኖ በብርጭቆ ይዞ መጣ። ብርጭቆውን ተቀብላ አየችው።

«ያኛው ሞተ አይደል?»

ብርጭቆውን ከእጇ ተቀበላት።

«የመጀመሪያው ቀን ነው'ኮ ያወቅኩት። አንድ ዕድሜ መድረክ ላይ ኖሬ እንዳንተ የማያውቅበት ተዋናይ አላየሁም።»

«በእጄ ገደልኩት» አለና አለቀሰ። «ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«በየማታው እየሮጥክ መጥተህ ታወራኝ ነበራ። እሱ እንዳይቀርብኝ ብዬ ነዋ።» የከሱ እጆቿን አንስታ ሁለት ጊዜ አጨበጨበችለት።

በአምስተኛው ቀን ዐረፈች።

ሥራ ሲመለስ የአባጨጓሬውን ጠርሙስ ከመደርደሪያው አወረደ። መለያው ላይ፣ ነፍሳቱን ያገኘው ሰው ስም በሚሰፍርበት «ሰብሳቢ» በሚለው ቦታ፣ እንደ ልማዱ የራሱን ስም ጽፎ ነበር። አልነካውም። ሌላ ትንሽ ወረቀት ቆረጠና በዚያው የደቀቀ ጽሕፈቱ ጻፈበት፦

«ሰብሳቢ፦ ባለቤቴ። ቦታ፦ የመኝታ ቤታችን መስኮት። ክንፍ ሲያወጣ አልታየም። ጥፋቱ የኔ ነው።»

ወረቀቷን ከመጀመሪያው መለያ ጎን አልኮሉ ውስጥ ጨመራትና ጠርሙሷን ከደነ።