ያኮረፈችው ቁምሳጥን

ባሌን ካስት አምጣልኝ አልኩት። ካስት በሆላንድኛ ቁምሳጥን ነው፤ ሆላንድ አገር ስሎተርቫርት የሚባል ሰፈር ከገባን ጀምሮ ልብሴ ሻንጣ ውስጥ እየተጨማደደ ነበር። ቭላርዲንገን ከተማ የሚኖር የሥራ ባልደረባው «ፍሊፐርካስት አለኝ፣ በነፃ ውሰደው» ሲለው፣ ፍሊፐር የፋብሪካው ስም መሰለው። ደርሶ ሲያየው ግን ትንሽ የብረት ኳስ በመስታወት ሥር እየመቱ ነጥብ የሚሰበስቡበት የመጫወቻ ማሽን ሆኖ አገኘው። እንግዲህ ስህተቱ እስከ ሰውዬው በር ድረስ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ያለውን ዐውቆ ነው ያደረገው።

ማሽኗ ኮምፒውተር በየዕቃው ከመግባቱ በፊት የተሠራች ናት። ሆዷ ሽቦና ማግኔት ብቻ ነው፤ ነጥቡ እንደ ድሮ ታክሲ ኪሎ ሜትር ቆጣሪ እየተንከባለለ ይቆጥራል፤ ደወሏም የእውነት ደወል ነው። ግንባሯ ላይ ባርኔጣ የደፉ ፈረሰኞች ተስለውባታል። ባሌ ይህችን ጉድ መኝታ ቤት አስገብቶ ቁምሳጥኔ ሊቆም በነበረበት ቦታ ገተራት። እኔም «ወይ እሷ ወይ እኔ» ብዬ አኮረፍኩ።

ኩርፊያዬ ሳምንት ሲሞላው ባሌ ከጸሎት ቤታችን ሽማግሌ ለመነ። ጋሼ እንላቸዋለን። መጡና ገና ሳይቀመጡ «እስቲ መጀመሪያ ተከሳሿን አሳዩኝ» አሉ።

ቁማር አለመሆኗን አጣሩ፣ ካፖርታቸውን አወለቁ፣ ፊቷ ቆመው መጫወት ጀመሩ። ደወሉ መንጫጫት ሲጀምር ሽምግልናው ተረሳ። ኳሷ ልታመልጣቸው ስትል ማሽኗን በዳሌያቸው ገፏት። መብራቱ ድርግም አለና ሁሉም ነገር ጸጥ አለ።

«ምን ሆነች?» አሉ ደንግጠው።

«አኮረፈች» አለ ባሌ። «በኃይል ከገፏት ታኮርፋለች፣ ጋሼ።»

«አይ ጉድ! ለእሷም ሽማግሌ ልንልክ ነው? እስከ መቼ ነው የምታኮርፈው?»

«ቀጣዩ ኳስ እስኪመጣ ነው።»

ጋሼ ወደ እኔ ዞሩ። «ሰማሽ ልጄ? አንቺስ እስከ መቼ ነው?»

«እኔማ ቁምሳጥኑ እስኪመጣ!»

ባሌ ሳቁ አመለጠው። ለካ ሳቁ ናፍቆኝ ኖሯል፤ እኔም አብሬው ሳቅሁ። ቅዳሜ ቁምሳጥኑን ከባልደረባው ጋር ተሸክሞ መጣ፤ ማሽኗም ወደ ሳሎን ወጣች።

ጋሼ እስከ ዛሬ ቅዳሜ ቅዳሜ ሊያስታርቁን ይመጣሉ። ተጣልታችኋል ወይ ብለው እንኳ አይጠይቁም፤ ካፖርታቸውን ለእኔ ሰጥተው በቀጥታ ወደ እሷ ነው።