በምራቅ የሚጠረግ ሌንስ

ያውንዴ ከተማ ላይ ተመራማሪዎችን በማይክሮስኮፕ አጠቃቀም የምታሰለጥነው ማዳም ንጎኖ እንደዚያ ሽማግሌ የተጸየፈችው ሰው የለም። እሷ ጋ እንዲሰለጥን ከአንድ የወባ ጥናት ነው የላኩት። ጥፍሩ በደም ናሙና ማቅለሚያ ወይን ጠጅ ሆኗል፤ ከደረት ኪሱ የተገመጠ ካሳቫ ብቅ ብሏል። ያለቻትን አንዲት ደህና ሌንስ እንትፍ አለባትና በሸሚዙ ጫፍ ፈተጋት።

«ኤጭ! ፓፓ፣ ይተፉባታል እንዴ? ብትጫር እኮ ሌላ የለኝም!»

«አይዞሽ ልጄ፣ እኛ ጤና ጣቢያ ማጽጃው ይሄው ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የሕፃናቱን ደም እያየሁ ‹ወባ አለው፣ የለውም› የምለው እኔ ነኝ።»

አፍንጫዋን ይዛ፣ ሌንሷን ማይክሮስኮፑ ላይ መልሳ አጎንብሳ አየች። የቀዘቀዘ ሾርባ የመሰለ ጭጋግ ብቻ።

«ፓፓ፣ ምንም አይታይም እኮ!»

«አዎ» አላት ኮራ ብሎ፣ «እኛም ጋ እንዲሁ ነው።»