ሁለት ዙር ያልተፈለገ ዕቃ

ቡታጅራ ባለ የጅምላ መጋዘን ውስጥ፣ ለቡኢና ለቆሼ ሱቆች የሚላከውን ዕቃ የማቅደው እኔ ነኝ። ከጎጃም መጥቼ በተቀጠርኩበት ዓመት የክረምቱን ሽያጭ አማካይ ይዤ ለመስከረም አዘዝኩ። ጉራጌ ለመስቀል ከያለበት ተጠራርቶ አገሩ እንደሚገባ ማን ነግሮኝ! ዘይቱም ስኳሩም ደመራ ሳይደርስ አለቀ። ባለሱቆቹ በስልክ ጆሮዬን አደነቆሩት።

ከዚያ ወዲህ ለመስቀል እጥፍ አስመጣለሁ። ሌላም ሕግ አወጣሁ፤ አንድ ሱቅ ሁለት ዙር አልፈልግም ያለው ዕቃ ከዝርዝሩ ይሰረዝበታል። በዚህ ቀልድ አላውቅም።

የመጋዘኑ አንጋፋ ጫኝ፣ ጋሼ የምላቸው ሰው፣ በዚያው በመጀመሪያው ዓመት “ልጄ፣ መስቀልን ብቻህን ልትውል? እኛ ቤት እንሂድ እንጂ” አሉኝ። “ቆጠራ አለብኝ” አልኳቸው። በዓመቱ ደግመው ጠየቁኝ፤ መልሴ ያው ነበር። እውነቱን ለመናገር፣ ሰው ቤት መሄድ አፍሬ ነው።

ዘንድሮ የመጨረሻውን መኪና ጭነን ከሸኘን በኋላ ጋሼ ልብሳቸውን ቀይረው ወጡ። እኔም በሩ ላይ ቆሜ ጠበቅኳቸው። ከጠየቁኝ እሺ ልላቸው ወስኜ፣ ንጹሕ ሸሚዝ ሳይቀር ለብሼ ነበር የመጣሁት።

“መልካም መስቀል፤ ቆጠራውም ይቅናህ ልጄ” አሉኝ ከልባቸው፣ ባጃጁ ውስጥ እየገቡ።

ወደ ውስጥ ተመለስኩ። ዕቅዴ ሠምሮ ዕቃው ሁሉ ወጥቷል፤ የሚቆጠር ነገር አልነበረም።