ልጄን ለቃለ መጠይቅ ያዘጋጀሁባቸው ስምንት ቀናት

የመጨረሻዋ ልጄ በዩኒቨርሲቲ የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ትምህርቷን ጨርሳ ከተመረቀች ሁለት ዓመት አልፏል። በእነዚህ ዓመታት ሦስት ጊዜ ለሥራ ተወዳደረች፤ ሦስቱንም ጊዜ የጽሑፉን ፈተና አልፋ በቃለ መጠይቁ ወደቀች። የአራተኛው ጥሪ በስልኳ ሲደርሳት እኔ ከቅዳሴ ተመልሼ ቆሎ እየቆረጠምሁ ነበር። ቦታው ደብረ ብርሃን ነው፤ መሥሪያ ቤቱ ኮምፒውተሮቹንና ኔትወርኩን የሚከታተልለት አንድ ባለሙያ ይፈልጋል፤ ቀኑ ደግሞ ከስምንት ቀን በኋላ ነው።

«ይህ ካልሆነ ዐረብ አገር እሄዳለሁ ብላለች፤ ይወቁት» አለችኝ እናቷ።

ልጄ አንገቷን ደፋች እንጂ አላስተባበለችም። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ተረጋግቶ መቀመጥ ተሳነኝ።

በማግስቱ ደብተር ይዛ መጣች። «አባባ፣ ሌላ የሚጠይቀኝ ሰው የለም፤ እርስዎ ይጠይቁኝ» አለች። ጥያቄው የሚበዛው በእንግሊዝኛ ነው፤ እኔ ደግሞ የዚያን ቋንቋ ፊደል አልለይም። ስለዚህ ጥያቄውንም መልሱንም በእኛው ፊደል ጽፋልኝ ነበር። ትርጉሙን ባላውቅም ድምፁን መከተል አያቅተኝም። ዕድሜዬን በሙሉ ንባብና ቅኔ ሳስተምር ኖሬአለሁ፤ በንባብ ቤት ሕፃናቱ ዳዊትን የሚደግሙት ትርጓሜው ሳይነገራቸው ነው። የመምህሩ ሥራ ቃል እንዳይጎድል፣ ድምፁ ከፍ የሚለው ተነሽ ቃል እንዳይወድቅ፣ ዝቅ የሚለው ወዳቂም እንዳይነሣ መጠበቅ ነው። እኔም ያንኑ ጀመርሁ።

«ቁሚ! እዚህ ላይ ‹ኤንድ› የሚል አለ፤ ዘለልሽው።»

«አባባ፣ ባይኖርም ያው ነው።»

«ያው ከሆነ ስለ ምን ጻፍሽው? ከራሱ ጀምሪ።»

ከራሱ ትጀምራለች። እንዲህ እያልን በአምስተኛው ቀን ደብተሩን ከዳር እስከ ዳር ያለ አንዲት ግድፈት ወጣችው። ነጠላዋን ወደ አፏ አስጠግታ፣ ዓይኗን መሬት ላይ ጥላ፣ እንደ ውዳሴ ማርያም ስታወርደው ስሰማ ለጥቂት ጊዜም ቢሆን ልቤ አረፈ።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ አንድ እንግዳ መጣ። ቀድሞ ቅኔ ያስተማርሁት፣ ዛሬ ግን መሐል ሜዳ ከተማ ኮምፒውተር የሚያስተምር ጎልማሳ ነው፤ በቅርባችን ሞላሌ ገበያ ውሎ ሊጠይቀን ነበር የገባው። ነገሩን ስነግረው «የኔታ፣ እስቲ እኔም ልሞክራት?» አለ። ደብተሩን ዘረጋሁለት፤ አልተቀበለኝም።

«እኅቴ፣ እኔ የሒሳብ ክፍል ሠራተኛ ነኝ» አላት። «ተናድጄ ደውዬልሻለሁ። ሰው ሁሉ ያትማል፤ የእኔ ብቻ እምቢ ብሏል። ምን ታደርጊልኛለሽ?»

ልጄ የደብተሩን የመጀመሪያ ገጽ ጀመረች፤ ስሟን፣ የተማረችበትን፣ የተመረቀችበትን።

«ስምሽን ማን ጠየቀሽ? የታመመው ማተሚያዬ ነው!» አለ እየሣቀ። እናቷም ሣቀች። እኔ አልሣቅሁም። ዳዊት የሚደግም ሕፃን መካከል ላይ ብትጠይቀው ከራሱ ካልጀመረ መስመሩን አያገኘውም፤ የተማረችውን ልጄን ያን ሕፃን ያደረግኋት እኔው ነበርሁ።

ልሸኘው ስወጣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «የኔታ፣ ይቅር ይበሉኝና፣ እነዚያ ሰዎች ስታስብ ማየት ነው የሚፈልጉት። ደግሞም ቀና ትበል፤ መሬት መሬት የሚያይ ሰው የሚደብቀው ነገር ያለ ይመስላቸዋል» አለኝ።

«ጨዋነት ነው እንጂ!»

«እኔማ አውቃለሁ፤ እነሱ አያውቁም።»

ሦስት ቀን ቀርቶናል። ወደ አውድማው ወጣሁ፣ ተመለስሁ፣ ደግሞ ወጣሁ። ያለፉት ሦስት ውድቀቶች ምክንያታቸው እኔ ያሳደግሁበት ሥርዓት ይሆን እንዴ? በሰው ፊት አንገትሽን ድፊ ያልኋት እኔ ነኝ፤ ደጋግመው ካልጠየቁሽ አትናገሪ ያልኋትም እኔ ነኝ። ይህን ሳመላልስ አንድ ነገር ቆም አደረገኝ። እኔ እኮ የንባብ ብቻ ሳይሆን የቅኔም መምህር ነኝ። በቅኔ ቤት ትናንት የተቆጠረውን ቅኔ ዛሬ ይዞ የሚመጣ ተማሪ ይባረራል፤ የባልንጀራውን ቃል የደገመማ ሌባ ነው። ሁለት ቤት እያለኝ ልጄን ከማይሆነው ቤት አስገብቻት ኖሯል።

በማግስቱ ደብተሩን ሣጥን ውስጥ ቆለፍሁበት። «ከዛሬ ጀምሮ አንድ ጊዜ የሰማሁትን ሁለተኛ አልሰማም» አልኋት። ከዚያም ደዋዩ እኔ ሆንሁ። ለዚህ ሥራ አለማወቄ ጠቀመኝ፤ የማስመስለው ነገር አልነበረምና።

«ኔትወርክ ማለት ምንድን ነው? ለእኔ በሚገባኝ ቃል ንገሪኝ።»

ስለ ሽቦና ስለ ሣጥን ነገረችኝ፤ አልገባኝም አልኋት። ሌላ አመጣች፤ አልገባኝም። በሦስተኛው አሰብ አድርጋ «አባባ፣ ከዚህ ወደ ራቤል ደብዳቤ ቢልኩ፣ መንገዱን እርስዎ ባያውቁት መገንጠያው ላይ ቆሞ በዚህ ሂድ የሚል ሰው ይኖራል። እሱ የሚያየው ከላይ የተጻፈውን አድራሻ ብቻ ነው» አለች።

«አድራሻው ትክክል ሆኖ ባይደርስስ?»

«የት ላይ እንደ ቀረ እጠይቃለሁ፤ ከቅርቡ መገንጠያ ጀምሬ።»

ይህ በደብተሩ አልነበረም። ደስታዬን ዋጥ አድርጌ ሌላ ጠየቅሁ።

እናቷ በበሩ ስታልፍ «ዛሬ ደግሞ ማን ነዎት? ትናንት ሥራ አስኪያጅ ነበሩ፤ ጠዋት ዘበኛ ሆኑ። በጎቹን የሚያወጣ ሰውም በዚያው ቢቀጠርልን!» አለች።

ከሁሉ የከበደን የዓይን ነገር ነበር። «ዓይን ዓይኔን እያየሽ ንገሪኝ» አልኋት።

«እርስዎን እያየሁማ አልችልም። አፍራለሁ።»

«እኔን ካፈርሽ እነሱንም ታፍሪያለሽ።»

ቀና አለች፤ ከሁለት ቃል በኋላ ዓይኗ ወረደ። እውነቱን ለመናገር እኔም ዓይኔን አሸሽቼ ነበር፤ ከልጆቼ አንዳቸውም እንዲያ ፊት ለፊት አይተውኝ አያውቁም። እስከ መጨረሻው ቀን ደጋገምነው፤ አንዳችንም አልለመድነውም።

ከቀኑ አስቀድመን በአውቶቡስ ወርደን ዘመድ ቤት አደርን። ጠዋት እሷ ገባች፤ እኔ ግቢው ውስጥ ቀረሁ። ጸሎት ጀምሬ አቋረጥሁ፤ ከበሩ እስከ አጥሩ፣ ከአጥሩ እስከ በሩ ተመላለስሁ።

«አባቴ፣ ይቀመጡ እንጂ፤ ግቢውን ለኩት እኮ!» አለኝ ዘበኛው። ተቀመጥሁ፤ ወዲያው ተነሣሁ። አንድ ሰዓት ያህል ቆይታ ወጣች።

«ምን አሉሽ?»

«አንዱን ጥያቄ አላወቅሁትም።»

«ታዲያ?»

«አላውቅም አልኋቸው።»

«አላውቅም! በዚሁ ቃል?»

«በዚሁ ቃል። ከዚያ እንዴት እንደምፈልገው፣ ከየት እንደምጀምር ነገርኋቸው። አንደኛው የሆነ ነገር ጻፈ።»

«ምን ብሎ ጻፈ?»

«አባባ፣ ወረቀቱን ቀምቼ ላንብብልዎ ኖሯል?»

«ቀና ብለሽስ አየሻቸው?»

«እነሱ ከእርስዎ ይቀላሉ።»

ውጤቱ ከሁለት ሳምንት በኋላ ተነገረ። በጥቂት ነጥብ ተበልጣ ተጠባባቂ ሆናለች፤ የተመረጠው ሰው እስከ አንድ ወር ቀርቦ ሥራ ካልጀመረ እሷ ትጠራለች። እነዚያ ጥቂት ነጥቦች ከአእምሮዬ አልወጡም። «ልጄ፣ የመጀመሪያዎቹን አምስት ቀናት ያባከንሁብሽ እኔ ነኝ» አልኋት። አይደለም አላለችኝም። «ወሩ እስኪሞላ የትም አልሄድም» አለች፤ ከዚህ በላይ ልጠይቃት አልደፈርሁም።

ለመሥሪያ ቤቱ የእኔንም ስልክ ቁጥር አስመዝግባ ኖሯል። ቅጥረ ቤተ ክርስቲያን ስገባ ስልክ የማጠፋ ሰው ነበርሁ፤ አሁን አላጠፋም። ባለፈው የደብራችን ክብረ በዓል ታቦቱ ወጥቶ እየዘመርን ሳለ ከኮቴ ኪስ ውስጥ ተንቀጠቀጠ። ጽናጽሌን አጠገቤ ለቆመው ሰው አስጨብጬ ሮጥሁ። የደወለው በግ ፈላጊ ነጋዴ ነበር። «አይሸጥም!» ብዬ ዘጋሁበት። ስመለስ ካህናቱ ሁሉ አዩኝ።

ይህን ለንስሐ አባቴ መናገር ይገባኛል። ነገር ግን ከወሩ አሥራ አንድ ቀን ይቀራል፤ አሁን ብነግራቸው ስልኩን አጥፋ ይሉኛል ብዬ እስካሁን አልነገርኋቸውም።