ለቅሶ ያልደረሰች እናት

በመጀመሪያው የሥራ ቀኔ ከቢሮ የተሰጠኝ አንድ ቦርሳ፣ አንድ ጃንጥላና ከቀበና በላይ ያለው አቀበት በሙሉ ነበር። በቅጥር ደብዳቤዬ ላይ «የመስክ ሠራተኛ» ይላል። ሰፈር ውስጥ ግን ቦርሳ አንጠልጥላ ቤት ለቤት የምትዞር ሴት ሁሉ «ሲስተር» ናት። ነርስ አይደለሁም ብዬ ጉሮሮዬ እስኪደርቅ ተናገርኩ፤ ሰሚ አላገኘሁም። ሲስተር እንደተባልኩ ጡረታ ወጣሁ።

ሥራችን አካል ጉዳተኛ ልጆች ያሏቸውን ቤተሰቦች መደገፍ ነበር። ፊዚዮቴራፒስቱ ያዘዘውን እንቅስቃሴ ለእናቶች እናሳያለን፤ የተሰጣቸው ጫማና መደገፊያ ለልጆቹ እግር መስማማቱን እናያለን፤ ትምህርት ቤት «አንቀበልም» ሲል ሄደን እንከራከራለን። በዚህ በመጨረሻው ላይ ጥሩ ነበርኩ። መከራከር ተፈጥሮዬ ነው፤ ባለቤቴ ይመሰክራል።

የመጀመሪያው ቤቴ የብርቄ ቤት ሆነ። ከእንጦጦ ባሕር ዛፍ ሥር፣ መኪና ከማይደርስበት ጥግ ላይ ያለች የጭቃ ቤት ናት። ባሏ ግንባታ ላይ የቀን ሥራ ስለሚሠራ ጎህ ሲቀድ ይወጣል። እሷ በሯን ዘግታ ለሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች ጥጥ ትፈትላለች። በሩን ከፈት አድርጋ ግራ ቀኝ ካየች በኋላ እጄን ይዛ ወደ ውስጥ ጎተተችኝ። ጎረቤት እንዳያየኝ መሆኑ ገባኝ።

ልጇ ማህሌት አልጋው ላይ ግድግዳ ተደግፋ ተቀምጣለች። ስትወለድ አንጎሏ በመጎዳቱ እግሮቿ አይታዘዟትም፤ ንግግሯም ዘገምተኛ ነው። ነገር ግን ከአቀበቱ የተነሳ ቁና ቁና ስተነፍስ ሰምታ እስኪደክማት ሳቀችብኝ። ያን ጊዜ ወደድኳት።

ማህሌት ለትምህርት ደርሳለች፤ እንዲያውም እያለፋት ነው። ከአቀበቱ በታች ያለው ትምህርት ቤት የልዩ ፍላጎት ክፍል አለው። ርዕሰ መምህሩን ሄጄ አነጋገርኳቸው። ክፉ ሰው አልነበሩም። «ክፍሉ አለ፤ መምህሯም አለች» አሉኝ። «ግን ማን ያደርሳታል? ማን ሽንት ቤት ይወስዳታል? ረዳት የለኝም። ይህን መልሺልኝና ልቀበላት።» እኔም በመብትና በመመሪያ ተከራከርኩ። ሻይ ጋብዘው ሸኙኝ።

ብርቄ ብቻዋን እንደማትችለው ይታየኛል። ልጅቷ እያደገች፣ የእናትየው ወገብ እየተጎዳ ነው። እንቅስቃሴውን ሳሳያት «እሺ ሲስተር፣ እሺ» ትላለች፤ በሚቀጥለው ሳምንት ስመጣ ግን የማህሌት ጉልበት እንደታጠፈ ነው። አንድ ቀን ተናደድኩ።

«ብርቄ፣ እሺ አትበይኝ። አንቺ ራስሽ ምንድን ነው የምትፈልጊው? መጀመሪያ ምን ይደረግልሽ?»

ተሽከርካሪ ወንበር ትላለች ብዬ ጠበቅኩ። እንዝርቷን አስቀመጠች።

«ለቅሶ መድረስ» አለችኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ግድግዳ የሚጋሯት የጎረቤቷ የእትዬ ጥሩነሽ ባል ከሞተ ወራት አልፈዋል። ብርቄ ልጇን ለማን ትታ ትሂድ? ይዛት እንዳትሄድ፣ ሰው እንዳያያት ፈራች። ስለዚህ ቀረች። ከዚያ በፊትም ከሌሎች ለቅሶዎች ቀርታ ስለነበር ከእድሩ ወጥታለች። በሰፈራችን ሰው ብዙ ነገር ይቅር ይላል፤ ለቅሶ መቅረትን ግን አይረሳም። እትዬ ጥሩነሽ ከዚያ ወዲህ ሰላም አይሏትም።

«በይ ተነሺ፤ እኔ ከልጅቷ ጋር እቀመጣለሁ» አልኳት። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳ ወጣች።

«እማዬ የት ሄደች?» አለች ማህሌት።

«ለቅሶ።»

«ማን ሞተ?»

«የጎረቤታችሁ ባል።»

«ሌሊት የሚያስለው ሰውዬ? ለዚህ ነዋ ዝም ያለው።»

ከቆይታ በኋላ በሩ ተከፈተ። ብርቄ ዓይኗ በለቅሶ ቀልቷል፤ እትዬ ጥሩነሽ ከኋላዋ ቆመዋል። ጠንካራ አጥንት ያላቸው ሴት ናቸው። ማህሌትን ሲያዩ ባሉበት ቀሩ።

«እኔ ከግድግዳው ወዲያ ሁልጊዜ የሕፃን ድምፅ ነው የምሰማው» አሉ። «በየጊዜው የምትወልጂ ነበር የሚመስለኝ። ይቺን ደብቀሽ ነው እኔ ክፉ ሴት ናት እያልኩ ስምሽን ሳጠፋ የኖርኩት?»

ከብርቄ ቀድማ ማህሌት መለሰች። «የሚያስለው ሰውዬ ሚስት ነሽ? እኔ እኮ ሲያስል አብሬው እነቃ ነበር።»

እትዬ ጥሩነሽ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ባላቸው የዚያን ዕለት የሞተ ይመስል አለቀሱ። እኔም አለቀስኩ። ቢሮ ስመለስ አስተባባሪያችን አቶ ደረጀ ግማሽ ቀን ምን ስሠራ እንደዋልኩ ጠየቁኝ።

«ብርቄ ለቅሶ እንድትደርስ ልጅ ስጠብቅ ነበር።»

«እኛ ሞግዚት አይደለንም እኮ! እንቅስቃሴውስ?»

«እሱን በሚቀጥለው ሳምንት» አልኳቸው። ፊታቸው ግን አልተፈታም።

በሚቀጥለው ሳምንት ስሄድ የብርቄ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። የማህሌትን እግር የሚያፍታቱት እትዬ ጥሩነሽ ናቸው፤ ብርቄ አጠገባቸው ሆና «ቀስ ይበሉ» ትላለች። እድሩም መለሳት። ሰብሳቢውን ያናገሯቸው እትዬ ጥሩነሽ ራሳቸው ናቸው፤ ምን ብለው እንዳናገሯቸው ሰው ሲጠይቃቸው ይቆጣሉ።

መስከረም ላይ ተያይዘን ትምህርት ቤት ወረድን። ርዕሰ መምህሩ ያንኑ ጥያቄ ጠየቁ፤ ማን ያደርሳታል፣ ማንስ ሽንት ቤት ይወስዳታል? እኔ መመሪያዬን ልጀምር ስል እትዬ ጥሩነሽ ክርኔን ያዙ።

«ጠዋት እናቷ ታወርዳታለች፤ ከሰዓት እኔ አወጣታለሁ። በእረፍት ሰዓት ደግሞ እመጣለሁ፤ ቤት ተቀምጬ ምን እሠራለሁ? ከእንጦጦ እንጨት ተሸክሜ ልጆች ያሳደግኩ ሴት ነኝ። ይቺ ትከብደኛለች?»

ርዕሰ መምህሩ ማህሌትን አዩ፤ ቀጥሎ እኔን አዩ። «ያን ጊዜ ይህን ነበር መናገር» አሉኝና መምህሯን አስጠሩ።

ከዚያ በኋላ ብዙ አቀበት ወጥቻለሁ። ለአዲስ ሠራተኞች የማስተምረው ከዚያ ቤት ያገኘሁትን ነው። አካል ጉዳተኛ ልጅ ያላት እናት ቤት ስትገቡ፣ ቦርሳችሁን ከመክፈታችሁ በፊት ከየትኛው ለቅሶ እንደቀረች ጠይቋት። ከዚያ እናንተ ከልጁ ጋር ተቀመጡ፤ እሷ ትሂድ። እሱም ሥራችን ነው።